ያ በር የማን ነው?

ትናንት ማታ የሞትኩት በበር ምክንያት ነው። ጨዋታ ላይ ነው፣ አትደንግጡ።

ከመቶ ተጫዋች አስራ አንድ ቀርተናል። የእኛ ስኳድ፣ ማለትም ቡድናችን፣ አራቱም በሕይወት አለ። አንድ ቤት ውስጥ ተደብቀናል። እኔ ደረጃው ላይ ቁጢጥ ብዬ፣ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ የጠላት ኮቴ አዳምጣለሁ። ድንገት በር ሲጢጥ አለ። አላመነታሁም፣ ቦምቤን ወደ በሩ ወረወርኩ። ሁለቱን ጓዶቼን ጨረስኳቸው። ፍንዳታው እኔንም ጣለኝና ጠላት መጥቶ በቀላሉ ለቀመኝ።

በሩ የጨዋታው በር አልነበረም። ማይኩን ከፍቶ የተወው የቡድናችን ልጅ የመኝታ ቤቱ በር ነው። የከፈቱት እናቱ ናቸው። «አሁንም አልተኛህም?» ሲሉ አራታችንም ሰማናቸው።

«ብሮ፣ ማይክህን ዝጋ» አልኩት።

«ዝግ ነው እኮ» አለኝ። በማይኩ።

ሲናገሩ ብቻ የሚጫኑት ቁልፍ የሚባል ነገር አለ። ጣትህን ስታሳርፍ ትሰማለህ፣ ስታነሳ ትጠፋለህ። ይህን የመሰለ በረከት እያለ ማይኩን እንደ ቧንቧ ከፍቶ የሚሄድ ሰው ምን ይባላል? የልጁን ስም አላውቅም። ወንበሩ እንደሚንቋቋ ግን አውቃለሁ። ጉንፋን እንደያዘው ከእሱ በፊት ያወቅሁት እኔ ነኝ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በጣም የምወደው ተረት ነው። ግን ልብ ብላችኋል? ድር አይናገርም። የማበሩ ምስጢር እሱ ሳይሆን አይቀርም። እስኪ ለድሮቹ አንዳንድ ማይክ ስጧቸው። አንዱ «በግራ በኩል ነው!» ይላል። ሌላው «የማን ግራ?» ይላል። ሦስተኛው «ኢንተርኔቱ ላግ እያደረገብኝ ነው» ይላል። አራተኛው ስልክ እያወራ ነው። አንበሳው እስከዚያ ሄዷል።

ሲያብር ያየሁት ድር ቢኖር ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባለው የድሮ የኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ 40 ሰው አንድ ላይ የሚዘምትባቸው ቦታዎች ነበሩት። ጨዋታው የራሱ የድምፅ መነጋገሪያ ያገኘው በ2007 ነው። እስከዚያ ሰው ቲምስፒክና ቬንትሪሎ የሚባሉ ፕሮግራሞችን ከውጭ አምጥቶ ነበር የሚጠቀመው። መሪው ያወራል፣ ሠላሳ ዘጠኙ ይሰማል። ጨዋ ስለሆኑ እንዳይመስላችሁ። ባሮን ጌዶን የሚባል የእሳት ፍጡር ነበር፤ ከመካከላችሁ አንዱን መርጦ ቦምብ ያደርገዋል። የተመረጠው ሰው ከጓደኞቹ ሮጦ መራቅ አለበት። እየቀለደ ካልሰማ በዙሪያው ያሉትን ይዟቸው ይሄዳል። (ቦምብና ጓደኛን ስለማገናኘት ከትናንት ወዲህ የመናገር ሙሉ መብት አለኝ።)

በ2009 መጨረሻ እዚያው ጨዋታ ላይ አንድ ቁልፍ መጣ። ትጫነዋለህ፣ ከሌላ ሰርቨር ጭምር ሰው ሰብስቦ አምስት አድርጎ ያስገባችኋል። ድሮ ሰው ለማሟላት ግማሽ ሰዓት ትለምናለህ፤ ስትለምን ግን ማን ሰነፍ፣ ማን ደግ እንደሆነ ታውቃለህ። ከቁልፉ በኋላ ሰላም ሳንባባል ገብተን ሳንሰነባበት እንበተን ጀመር። አብሮኝ የተዋጋውን ሰው ስም ለማንበብ እንኳ ጊዜ የለም። ምቹ ነው፣ አልክድም። እኔም በየቀኑ ነበር የምጫነው።

የቡድን ነገር ከተነሳ አንድ የቆየ ቂም አለኝ።

ኤክስቦክስ ላይቭ የሚባለው የኤክስቦክስ ጨዋታ መሣሪያ የኢንተርኔት አገልግሎት በ2002 ሲጀምር ማስጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ሄድሴት፣ ማይክ ያለው ማዳመጫ፣ ነበር። ከማታውቀው ሰው ጋር አውራ ማለት ነው። አወራን። ማለቴ፣ ተሰዳደብን። ጨዋታው እስኪጀምር በምንጠብቅበት ሎቢ ውስጥ የአስራ ሦስት ዓመት ልጅ ዘር ማንዘርህን አንስቶ ያወርድልሃል። በ2008 ደግሞ እስከ ስምንት ጓደኛሞች ዘግተው የሚያወሩበት ክፍል ተጨመረ። በስድስት ዓመት ውስጥ፣ ከሰው የሚያገናኘን ሄድሴት ከሰው የምንሸሽበት ሆነ። ሎቢው ጸጥ አለ። ስድቡ ሄደ፣ ከስድቡ ጋር ሰላምታውም ሄደ።

ቂሙ ይሄ አይደለም። ቂሙ እኛ አምስት ጓደኛሞች መሆናችንና ስኳድ አራት መሆኑ ነው። ይህን ሒሳብ የሠራው ሰው ጓደኛ ኖሮት አያውቅም። አንድ ማታ ትንሽ ዘግይቼ ገባሁ። «ይቺን አንዲት ጌም እንጨርስና እናስገባሃለን» አሉኝ። ሎቢ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩ። ገጸ ባሕሪዬ እንኳ ሰልችቶት ክብደቱን ከእግር ወደ እግር ይቀያይራል። ከስማቸው ጎን 4/4 ይላል። ጌሟ አለቀች። 4/4። ሌላ ጀመሩ። የድምፅ ክፍሉ ውስጥ ስላለሁ ሲስቁ እሰማለሁ። እየሰማህ አለመኖር ምን እንደሆነ ያላየ አያውቀውም። እኩለ ሌሊት ላይ አንደኛው «እንዴ፣ አንተ እስካሁን አለህ?» አለኝ። ሁለት ዓመት አለፈው። ማን እንደሆንክ ታውቃለህ።

ይህም ቢሆን የእኔ ቂም ቀላል ነው። የባሰ አይቻለሁ። አንዴ ከማናውቃት ልጅ ጋር ተመደብን። «ሁለት ሰው፣ ከመጋዘኑ ጀርባ» አለች። ጥርት ያለ መረጃ። የቡድናችን ወንዶች ምን አሉ? «ሴት ነሽ እንዴ?» አለ አንዱ። ሌላው ዕድሜዋን ጠየቀ። አንተ ደንቆሮ፣ ሁለት ሰው ከመጋዘኑ ጀርባ አለ ተባልክ! ሁለቱም ከመጋዘኑ ጀርባ መጥተው ገደሉን። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ቃል አልተናገረችም። እኔስ? እኔም ዝም አልኩ። ማይኬ ያን ቀን በሥርዓቱ ተዘግቶ ነበር።

በ2019 አፔክስ ሌጀንድስ የሚባል የተኩስ ጨዋታ ሲወጣ የፒንግ ነገሩን ሁሉም አደነቀለት። አንድ ቁልፍ ተጭነህ ጠላቱን፣ መሣሪያውን፣ መንገዱን ትጠቁማለህ፣ ገጸ ባሕሪህ ይናገርልሃል። ግሩም ፈጠራ ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ በፒንግ ብቻ ትጫወታለች። ከብዙዎቻችን ትበልጣለች። ማይክ ግን ነክታ አታውቅም። ባለጌው ማይኩን ይዞ ቀረ፣ እሷ ቁልፍ ተሰጣት። ይሄን ነው መፍትሔ የምንለው።

ምን ላይ ነበርኩ? በሩ።

ከሞትን በኋላ ጓደኞቼን ፈለግኳቸው። 4/4። ኮምፒውተሩን ልዘጋ ስል ኢንቫይት መጣ። ባለ በሩ ልጅ ነው። ቦምብ የወረወረብህን ሰው መልሶ መጋበዝ እንዴት ያለ ልብ ይጠይቃል? ገባሁ። ማይኩ እንደተከፈተ ነው፣ አፍንጫው እንደታፈነ ነው። ሚውት ላደርገው እጄን ዘርግቼ ተውኩት።

እንደገና ቤት ውስጥ ተደበቅን። እንደገና በር ሲጢጥ አለ። አሁን ብልህ ሆኛለሁ። ቦምቤን በኪሴ አድርጌ «እናትህ መጡ» አልኩት።

እናቱ አልነበሩም።