«ልጆቹ ተኝተው ነበር» አትበሉ

ወገኖቼ ሆይ፣ ባልና ሚስት በተደባደቡ ማግስት ከአፋችን የማትጠፋውን «ልጆቹ ተኝተው ነበር፤ ምንም አልሰሙም» የምትል ቃል ዛሬ ልነቅፋት ተነሥቻለሁ። አልተኙም። ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ፣ ታናሽ እህቱን በክንዱ አቅፎ፣ አሁን የወደቀው ወንበር ይሁን እናቱ ከድምፁ ለመለየት ጆሮውን የሚያቆም ልጅ እንዴት አድርጎ ይተኛል?

ያ ልጅ ያድጋል፤ ማዳመጡ ግን አይለቀውም። ዕድሜው 40 ደርሶ፣ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ፣ የበር ቁልፍ ሲንቋቋ ልቡ ይደነግጣል፤ አለቃው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ አፉ ይደርቃል፤ ሚስቱ ዝም ካለች ምን እንዳጠፋ ሲያሰላስል ያድራል። እኛም ቁጡ፣ ሆደ ባሻ፣ ነገር ፈላጊ እያልን ስም እናወጣለታለን። በየምሽቱ አደጋ እየጠበቀ ያደገ አእምሮ ግን አደጋው ካለፈም በኋላ በቀላሉ አያርፍም፤ የጭንቀት ሆርሞኖችን የሚቆጣጠረው የሰውነት ሥርዓት ራሱ በዚያው ፍርሃት ተቃኝቷልና።

እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የታተመና ከ9,500 በላይ ጎልማሶች የተሳተፉበት ጥናት፣ እናት ስትደበደብ እያዩ ማደግን ከሰባት የልጅነት መከራዎች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ከሰባቱ አራትና ከዚያ በላይ የደረሱባቸው ሰዎች፣ አንዱም ካልደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ለአልኮልና ለዕፅ ሱስ፣ ለድብርትና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። «ልጄን በጥፊ እንኳ ነክቼው አላውቅም» የምትል አባት፣ እናቱን ስትመታ እርሱንም ነክተኸዋል።

እናንተ አስታራቂዎችም «ለልጆችሽ ስትዪ ቻይው» ማለታችሁን ተዉ። ከእንዲህ ያለ ቤት ወንዱ ልጅ ጡጫ የክርክር መዝጊያ እንደሆነ፣ ሴቷም ፍቅርና ፍርሃት አብረው እንደሚያድሩ ተምረው ሊወጡ ይችላሉ። ሁሉም እንዲህ ይሆናሉ ማለቴ አይደለም፤ በዚያ ቤት አድገው እጃቸውን በማንም ላይ ያላነሡ ብዙዎች ናቸው፤ የሚያምኑት አንድ የተረጋጋ አዋቂ ማግኘት ልጆችን እንደሚደግፍም ይታወቃል። በዚህ ያለፋችሁ ጎልማሶችም ጥፋቱ የእናንተ እንዳልነበረ ዕወቁ፤ ሕክምናም አለውና ባለሙያ ፊት መቅረብን እንደ ውርደት አትቁጠሩት።

ትናንት ማታ በቤታችሁ ጠብ የነበረባችሁ ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ከልጃችሁ አጠገብ ተቀመጡ። እንደሰማ እንደምታውቁ ንገሩት፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነም በግልጽ ንገሩት፤ ከዚያ እርሱ የሰማውን ሲነግራችሁ ሳታቋርጡት አድምጡት።