ምክሩ ሱቁ ድረስ ይምጣ

ድሬዳዋ ውስጥ ንግድ መጀመር ብዙም አይከብድም። ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ንግድ አብሯት አድጓል። ጠዋት ቀፊራ ገበያ ገብቶ ከገጠር አትክልት ይዘው የመጡት ሴቶች ዋጋ ሲከራከሩ የሰማ፣ እዚህ ነጋዴነት ከስልጠና አዳራሽ እንደማይጀምር ይገባዋል። የሚከብደው ሁለተኛው ዓመት ነው።

ለጀማሪ ነጋዴዎች የሚሰጠው ድጋፍ ግን መጀመሪያው ላይ ያልቃል። ወጣቶች ይደራጃሉ፣ የጥቂት ቀን ስልጠና ይወስዳሉ፣ የንግድ ዕቅድ ይሞላሉ፣ ብድር ይለቀቅላቸዋል። ዕድል የቀናው ሼድ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ሱቃቸውን የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ ብድር አስመላሹ ብቻ ነው።

ሳቢያን ሰፈር ሳምቡሳና ሻይ የምትሸጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። ጠዋት ቤቷ ጢም ይላል። ማታ እጇ ላይ የሚቀር ብር ግን የለም። ከባንክ በጡረታ የወጡ ጎረቤቷ "እስቲ ደብተር ግዢ ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አይልሻለሁ" አሏት። ደብተሩን በሦስት ከፈሉት፦ የገባ፣ የወጣ፣ ዱቤ። ለልጆቿ ምሳ ያነሳችው ዘይትና ዱቄት ሳይቀር ተጻፈ። ሳምንታት ሳይቆዩ ጉዱ ወጣ። ቤቱን ይዞ የቆየው ሻዩ ነው። ሳምቡሳው ዘይት በተወደደ ቁጥር ትርፉን ይበላል፤ በዚያ ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ የሚጠበሰው እየተረፈ ይጣላል።

"ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሽብኛል ጋሼ" አለች። ዋጋውን አልነኩትም። የረፋዱን መጥበስ አስቆሟት። በረመዳን ደግሞ ዋናውን ሥራ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አዞረችው። ሰውየው ስለ ሳምቡሳ የሚያውቁት ነገር የለም። መቁጠር ያውቃሉ፤ ደግሞም ቅዳሜ ሲመጣ አይቀሩም። ምክር ማለት ለኔ ይሄ ነው።

ጊዜው ራሱ እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የገባ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ በድሮው ስሌት መሥራት አይችልም። በ1,000 ብር የገዛውን በ1,200 ሸጦ 200 አተረፍኩ ይላል። ዕቃውን መልሶ ለመተካት 1,300 ከተጠየቀ ግን 100 ብር ከካፒታሉ ጎድሎበታል። ይህን በስልጠና ማኑዋል ላይ አንብቦ የሚረዳው ስንቱ ነው? ከራሱ መደርደሪያ አንድ ዕቃ አንስተው ቢያሰሉለት ግን ወዲያው ይገባዋል።

በነሐሴ 2014 ሥራ የጀመረው የነፃ ንግድ ቀጠናም አለ። ትልልቅ ድርጅቶች ባሉበት ምግብ፣ የሥራ ልብስ፣ የጥገና አገልግሎት ይፈለጋል። ግን የአሸዋ ሰፈር ልብስ ሰፊ ስንት ዩኒፎርም በስንት ቀን ማድረስ እንዳለበት፣ ምን ዓይነት ደረሰኝ እንደሚጠየቅ፣ ክፍያው ቢዘገይ በምን እንደሚቆይ ማን አብሮት ያስላ? "የገበያ ትስስር" የሚባለው ነገር እዚህ ድረስ ካልወረደ ስብሰባ ላይ ይቀራል።

ለአማካሪ በጀት የለም ይባላል። ለአዳራሽ፣ ለሻይ ቡናና ለአበል ከሚወጣው ላይ ይነሳ። ሰውም አለ። ከምድር ባቡር፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ከባንክ በጡረታ የወጡ፣ ሒሳብና ዕቃ አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። አጭር ኮርስ ወስደው፣ ለያንዳንዳቸው ጥቂት ሱቆች ተሰጥተው፣ ብድሩ ከተለቀቀ በኋላ ለአንድ ዓመት በየወሩ ይመላለሱ። ክፍያቸውም በሰለጠነ ሰው ብዛት ሳይሆን ዓመቱን ሲሞሉ ባልተዘጉት ሱቆች ይታይ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይቅደም። ነጋዴው ደብተሩን ለማሳየት ይፈራል፤ ዛሬ ለአማካሪ የነገረው ነገ የግብር ውሳኔ ሆኖ እንዳይመጣበት። ስለዚህ አማካሪው ከግብር ሰብሳቢው ፈጽሞ የተለየ መሆኑ፣ ያየውንም ለማንም እንደማያሳልፍ በጽሑፍ ይረጋገጥለት። ካልሆነ አንዱን ደብተር ለአማካሪው ያሳያል፣ እውነተኛውን ከባንኮኒው ሥር ያስቀምጣል።