ማስተካከያ፦ ስለ ሃይሉክስ የኋላ ዲፈረንሻል ዘይት

የቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕን የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ክፍል) ዘይት በቤት ስለመቀየር በስፋት የተጋራ አንድ ጽሑፍ፣ ጣሳው ላይ «90» የሚል ቁጥር እስካለ ድረስ ለካምቢዮ የተገዛ ዘይት ለዲፈረንሻሉም እንደሚሆን ይገልጻል። ይህ ትክክል አይደለም።

ቁጥሩ የሚያመለክተው የዘይቱን ውፍረት ብቻ ሲሆን፣ የማርሽ ጥርሶቹ በጫና ውስጥ እንዳይፋቁ የሚሰጠውን ጥበቃ የሚያሳየው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣው የጂኤል ደረጃ ነው። የአምራቹ የባለቤት መመሪያ ለኋላ ዲፈረንሻል የሚያዘው ጂኤል-5 የሆነ የሃይፖይድ ማርሽ ዘይት ነው። ሃይፖይድ የሚባሉት የዲፈረንሻሉ ጥርሶች እርስ በርስ እየተንሸራተቱ በከፍተኛ ጫና ስለሚሠሩ፣ ደረጃው ዝቅ ባለውና ብዙ ጊዜ ለካምቢዮ በሚውለው ጂኤል-4 የዘይቱ ሽፋን ተሰብሮ ብረት ከብረት ሊፋቅ ይችላል። ትክክለኛው ውፍረት እንደ ሞዴሉና እንደ ምርት ዘመኑ ስለሚለያይ ከመመሪያው መታየት አለበት።

በጽሑፉ መሠረት ጂኤል-4 የጨመረ ሰው ዘይቱን አፍስሶ በጂኤል-5 ይተካ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ በላዩ የሚገኘው እንደ ግራሶ ያለ ጥቁር ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚቆነጠር የብረት ስባሪ ከታየ ወይም በጉዞ ላይ ከኋላ የሚያፏጭ ድምፅ ከተሰማ ግን መካኒክ ሊያየው ይገባል።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ፦ አስቀድሞ መፈታት ያለበት የመሙያው ቡሎን ነው፤ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ አልፈታ ካለ መኪናውን ወደ ጋራዥ መንዳት አይቻልምና።