እርማት፦ የሴቶች የቁጠባ ቡድን እቁብ አይደለም

«የሴቶች ቁጠባ ቡድን ያው እቁብ ነው» ብለው ለጻፉት፦ አይደለም። እቁብ ገንዘቡን በዕጣ ያዞራል፤ ለሐዘን የሚደርሰውም እድር፣ ወሎ ላይ ቅሬ የሚባለው ነው። የቁጠባ ቡድን ያበድራል። ከ15 እስከ 25 ሴቶች በየስብሰባው ከ1 እስከ 5 ድርሻ (ዋጋው አስቀድሞ የተወሰነ የቁጠባ መጠን) ይገዛሉ፤ አባሏ እስከ ቁጠባዋ 3 እጥፍ ትበደራለች፤ በዓመቱ ትርፉ እንደየድርሻው ይከፈላል። (ወለድ ሐራም ነው የሚሉ ካሉ ያለ ወለድም ይሠራል።)

ገንዘቡ የሚቀመጥበት ሣጥን 3 መቆለፊያ አለው። ቁልፎቹ 3 ሴቶች ጋ፣ ሣጥኑ አራተኛዋ ቤት። የሚበላሸው «እሷማ ታማኝ ናት» ተብሎ ሁሉም አንድ እጅ ሲገባ ነው። ለወላድ፣ ለታመመች ወይም በመሬት ክርክር ወረዳ ለምትመላለስ አባል የሚዋጣው በሌላ ከረጢት ይቀመጥ፤ ከብድሩ ጋር ከተቀላቀለ በክፍፍሉ ቀን ሒሳቡ አይገጥምም።