ወለድ አገድ ባንክ ሲገባ

አጎቴ የመሬት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር ነው የሚያስቀምጠው። አረንጓዴዋ ደብተር ላይ የእሱና የሚስቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል። የጎጃም ገበሬ ይህችን ደብተር እንዴት እንደሚጠብቃት ያየ ሰው፣ «አስይዘህ ተበደርባት» ሲባል ለምን እንደሚያመነታ ይገባዋል።

በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ (ቁጥር 1324) ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር ፈቅዷል። መሸጥ አሁንም አይቻልም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ባለበት ነው። ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው አበዳሪው የሚወስደው መሬቱን ሳይሆን ለተወሰነ ጊዜ የመጠቀም መብቱን ነው።

እኔ እደግፈዋለሁ። እንዲያውም ዘግይቷል። የ1997ቱ አዋጅ 456 መሬት የተከራየ ባለሀብት መብቱን እንዲያስይዝ ፈቅዶ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ላረሰው ገበሬ ግን ይህን አልሰጠውም። ይገርማል።

ደግሞስ ገበሬው መቼ ሳያስይዝ ኖረና ነው? ወለድ አገድ አለ እኮ። ብር ትወስዳለህ፣ አበዳሪው መሬትህን ያርሳል፣ ምርቱ ወለዱ ነው። ዋናውን እስክትመልስ መሬቱ እሱ ዘንድ ይቆያል። ግን ብሩን ታገኝበት የነበረው መሬት በሰው እጅ ሆኖ በምን ትከፍላለህ? አጎቴ አንድ ጊዜ ለሕክምና ብሎ ሁለት ጥማድ ሰጥቶ፣ ለማስመለስ ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። በባንኩ መንገድ መሬቱን እያረሰ ነው የሚከፍለው። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

የሚያሳስበኝ የመክፈያው ቀን ነው። ጥር ላይ ከሆነ ሁሉም ጤፉን በአንዴ ገበያ ያወጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ያው ጤፍ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፤ ያኔ ግን ጎተራው ባዶ ነው። ባንኮቻችን የከተማ ነጋዴ ውል ገልብጠው ለገበሬ ከሰጡት፣ ዝናብ የቀረበት አንድ ዓመት ብቻ ይበቃዋል። የሚስትየዋ ፊርማም እንዳይዘለል። ፎቶዋ ደብተሩ ላይ ያለው ለጌጥ አይደለም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ በስልክ አስረዳሁት። ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ያ ሁለት ጥማድ ሲመለስለት ግማሹ ባሕር ዛፍ ተተክሎበት ነበር፤ ጉቶውን ሲነቅል ሁለት በጋ አልፎበታል።

«እሺ፣ ባንኩስ ባሕር ዛፍ ይተክላል?» አለኝ።

«ኧረ ባንክ አያርስም፤ ብድሩ ካልተመለሰ ለሌላ ሰው ነው የሚያከራየው» አልኩት።

«ታዲያ እሱ ይተክላላ!»