ከሱፐርሂሮዎች ሁሉ ኃያሉ ፍላሽ ነው

ኮሚክ የሚወዱ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ ይህ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ሱፐርማን እና ሃልክ ቢገጥሙ ማን ያሸንፋል? ቶር ቢጨመርበትስ? ክርክሩ ይጦፋል። በመጨረሻ ግን ሁሉም ይዞት የመጣውን ስም ይዞ ይመለሳል። እኔም የምይዘው ስም አለኝ፣ አልደብቀውም። ዋሊ ዌስት ነው። ከጄይ ጋሪክ እና ከባሪ አለን ቀጥሎ ፍላሽ የሚለውን ስም የወረሰው ቀይ ለባሽ ሯጭ። የሚያሸንፈው የለም ብዬ አምናለሁ።

«ልብ ወለድ ላይ ምን ያከራክራል? የሚያሸንፈው ደራሲው ያሸንፍ ያለው ነው» የሚሉ አሉ። ከስፓይደርማን ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ስታን ሊም ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም ነበር። ልክ ነው፣ ብዕሩ ያለው በደራሲው እጅ ነው። አንባቢ ግን የተሰጠውን ሁሉ ዝም ብሎ አይውጥም። በፈረንጆቹ 1985 በወጣ አንድ ታሪክ ስፓይደርማን ፋየርሎርድን በቡጢ ደብድቦ ይዘርረዋል። ፋየርሎርድ ማለት ፕላኔት ለሚበላው ለጋላክተስ መልእክተኛ የነበረ፣ በከዋክብት መካከል የሚበር ፍጡር ነው። ስፓይደርማን ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባንክ ዘራፊዎችና ከዶክተር ኦክቶፐስ ጋር ሲታገል የምናውቀው ልጅ ነው። ታሪኩ ይጣፍጣል፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን አንባቢዎች እስከ ዛሬ እያነሱ «ይሄማ አይሆንም» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዴ የሆነ ነገር የአንድን ጀግና አቅም አይለካም። መለካት ያለብን ኃይሉ ምንድነው፣ እንዴት ነው የሚሠራው የሚለውን ነው።

የሕዝብ ድምፅም አይለካውም። በ1996 ሁለቱ ትልልቅ የኮሚክ አሳታሚዎች፣ ማርቭል እና ዲሲ፣ ጀግኖቻቸውን አጋጥመው የአምስቱን ፍልሚያ ውጤት ለአንባቢ ድምፅ ሰጡት። ሱፐርማን ሃልክን አሸነፈ፣ እሺ። ስቶርም ግን ዎንደር ዉማንን ጣለች። ዎልቨሪን ደግሞ ሎቦን አሸነፈ። ሎቦ እኮ ከሱፐርማን ጋር ፊት ለፊት የሚቧቀስ ነው! በዚያ ዘመን ግን ዎልቨሪንን የሚያህል ተወዳጅ ማን ነበር? ሰው የመረጠው የሚወደውን ነው። መውደድ ጥሩ ነገር ነው፣ ኃይል ግን ሌላ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንዳንዶቹን ከውድድሩ ላውጣ። ስፔክተርን፣ ሊቪንግ ትራይቡናልን የመሳሰሉት አይቆጠሩም። እነሱ ከአምላክ ቁጥር የሚገቡ እንጂ ሱፐርሂሮ አይደሉም። ዶክተር ማንሃተንም እዚያው ይሂድልኝ።

ባትማን ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ደጋፊው ብዙ ነው። «ጊዜ ከተሰጠው፣ ከተዘጋጀ ማንንም ያሸንፋል» ይባላል። ለዚህ ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በ2000 የወጣው ታሪክ ነው። ባትማን የጀስቲስ ሊግ (ሱፐርማንና ፍላሽ ያሉበት የጀግኖች ቡድን) ጓደኞቹን አንድ በአንድ የሚጥልበት ምስጢራዊ ዕቅድ አዘጋጅቶ ተገኘ። ዕቅዱን ጠላቱ ራስ አል ጉል ሰረቀውና ሥራ ላይ አዋለው። ለፍላሽ የተዘጋጀችው በንዝረት የምትሠራ ጥይት ነበረች፤ ከመታችው በብርሃን ፍጥነት እያንቀጠቀጠች ትጥለዋለች። በጣም ብልህ ሐሳብ ነው። ግን ጥይቷ መጀመሪያ ልትመታው ይገባል። ጥይት ከአፈሙዝ ወጥታ እስክትደርስ ለእሱ ረጅም ከሰዓት በኋላ ማለት ነው። ደግሞስ ለባትማን የዝግጅት ጊዜ ከሰጠን ለሌላው ለምን እንከለክላለን? ሱፐርማንም አንድ ወር ይሰጠዋ።

ወደ ዋናዎቹ እንምጣ። ሱፐርማንን ስንጠራ የትኛውን ማለታችን ነው? በ1938 ጄሪ ሲግል እና ጆ ሹስተር ያወጡት ሱፐርማን አይበርም ነበር። ይዘላል እንጂ። ዝላዩም አንድ ስምንተኛ ማይል፣ ወደ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ነበር። ቆዳውን የሚበሳው የመድፍ ጥይት ፍንዳታ ብቻ እንደሆነ ተጽፎለታል። የሚበሳው ነገር ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በየዓመቱ ኃይሉ ጨመረ፣ ፕላኔት እስከ መግፋት ደረሰ። በጣም ስለበዛ በ1986 ጆን በርን ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጽፈው አቅሙን ቀነሰለት። የእኔ ቅሬታ ይኸው ነው። ሱፐርማን ያሸንፋል የሚል ሰው ከሁሉም ዘመን ምርጥ ምርጡን ለቅሞ አንድ ሰው ይሠራል። እንደዚያ ዓይነት ሱፐርማን በየትኛውም መጽሐፍ ላይ የለም።

ሃልክ የተለየ ነው። የእሱ ሕግ ግልጽ ነው፤ በተናደደ ቁጥር ይጠነክራል፣ ጣሪያ የለውም። በ1984 ሞለኪውል ማን የተባለው ክፉ በማርቭል ጀግኖች ላይ ተራራ ጣለባቸው። ሃልክ ከስር ገብቶ ተሸከመው። ክብደቱ 150 ቢሊዮን ቶን ነው ተብሎ ተጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከክብደቱ ይልቅ አብሮት ከስር የነበረው የሳይንቲስቱ ጀግና የሪድ ሪቻርድስ ነገር ነው። የሃልክ ጉልበት እየከዳው መሆኑን ሲያይ ሆን ብሎ ይሰድበው ጀመር። አንቋሸሸው፣ አናደደው። ሃልክ በንዴት ጦፎ ተራራውን ይዞ ቆመ፣ ሌሎቹም መውጫ አገኙ። ከዚህ የበለጠ የሃልክን ኃይል የሚያሳይ ገጽ አላውቅም። ችግሩም ያው እዚያ ገጽ ላይ አለ። ሃልክ ለመናደድ ጊዜ ያስፈልገዋል። ከዝቅ ብሎ ጀምሮ ነው የሚወጣው። ጊዜ የማይሰጥ ተፋላሚ ሲገጥመውስ?

ከኤክስ-ሜን ቡድን ጂን ግሬይን የሚያነሱ ሰዎች ጠንካራ ነገር ይዘው ነው የሚመጡት። በ1980 ዳርክ ፊኒክስ ሆና ኮከብ ዋጠች። በዙሪያው ባለች ፕላኔት የነበሩ አምስት ቢሊዮን ነዋሪዎች አለቁ። ደራሲዎቹ መጀመሪያ ያሰቡት ኃይሏን ተነጥቃ እንድትተርፍ ነበር። የማርቭል ዋና አዘጋጅ ጂም ሹተር ግን ይህን ያህል ሕይወት ጠፍቶ እንዲሁ አይታለፍም አለ። ስለዚህ ጂን ጨረቃ ላይ ሞተች። ሹተር ልክ ነበር እላለሁ፤ ያ ሞት ባይኖር ታሪኩን ዛሬ ማንም አያነሳውም ነበር። ለክርክራችን ግን ወሳኙ የ1986ቱ ነው። ያቺ ፊኒክስ ጂን ራሷ ሳትሆን መልኳን የወሰደ የጠፈር ኃይል እንደነበረች ተጻፈ። ኮከብ የዋጠው ሌላ ከሆነ ለጂን ምኑን እንቆጥርላታለን?

አሁን ወደ ዋሊ። በ2003 የጀስቲስ ሊግ ታሪክ ላይ የሰሜን ኮሪያዋ ቾንግጂን ከተማ ውስጥ የኒውክሌር ቦምብ ይፈነዳል። ልብ በሉ፣ ሊፈነዳ ነው አይደለም፣ ፈንድቷል። በከተማዋ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው አለ። ዋሊ ይገባል። አንድ ሰው ያነሳል፣ አንዳንዴ ሁለት፣ ከከተማዋ ርቆ ኮረብታ ላይ ያስቀምጣል፣ ይመለሳል። እንደገና። ሁለት ሁለት ቢወስድ እንኳ ሩብ ሚሊዮን ምልልስ ነው። እሳቱ ከተማዋን ሳይጨርስ እሱ ጨረሰ። አንድም ሰው አልቀረም።

ይህን ደግሞ ከፋየርሎርዱ ታሪክ ጋር አታመሳስሉብኝ። የፍላሽ ኃይል መነሻው ስፒድ ፎርስ የተባለው የፍጥነት ምንጭ ነው፣ ሥራውም ይህ ነው። ሲሮጥ ሌላው ዓለም ይቆማል። ያደረገው አዲስ ነገር ሳይሆን ሁልጊዜ የሚያደርገውን እስከ ጥግ መውሰድ ነው።

«ፈጣን ነው እንጂ ጠንካራ አይደለም» የሚለው ክርክር ይመጣል። በ1997 ዋሊ ዙም ከተባለ ነጭ ማርሳዊ ጋር ሲፋለም ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግቶ አንድ ቡጢ ሰነዘረ። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ቡጢ እንደ ኮከብ ይከብዳል። ሰውየው ከአጠገቡ ጠፋ፣ በቃ። ፍጥነት ካለ ጉልበት በራሱ ይመጣል።

«ሱፐርማንም እኮ ፈጣን ነው» ትሉ ይሆናል። በ1967 ሁለቱ ለተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ምድርን ዞረው ሮጠው ነበር። እኩል ገቡ። ያኔ የሮጠው ባሪ አለን ነው፣ ቁማርተኞችም በውድድሩ ላይ ገንዘብ አስይዘው ስለነበር ሁለቱ ሆን ብለው እኩል ገቡ። በ1990 ግን ሱፐርማን ከዋሊ ጋር ሮጠ። ዋሊ አሸነፈ።

ከባዱ ጥያቄ ካፒቴን ኮልድ ነው። የቅዝቃዜ ሽጉጥ የያዘ ተራ ሰው ፍላሽን በተደጋጋሚ ያስቸግረዋል። ይህን ያህል ኃያል ከሆነ ለምን? ይህ ከሁሉም ጠንካራው ተቃውሞ ነው፣ ሸሽቼ አላልፈውም። ነገር ግን ሽጉጡ እንዴት እንደሚሠራ ተመልከቱ። ቅዝቃዜ ማለት የእንቅስቃሴ መዳከም ነው፣ እንቅስቃሴ ደግሞ የፍላሽ ሕይወቱ ነው። ኮልድ ፍላሽን የሚያስቸግረው ጠንካራ ስለሆነ ሳይሆን ለእሱ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ስለያዘ ነው። ለሱፐርማን የሚያዳክመው ድንጋይ፣ ክሪፕቶናይት፣ እንዳለ ሁሉ። ክሪፕቶናይት ስላለ ሱፐርማን ደካማ ነው የሚል ሰው አላየሁም። ሃልክም፣ ቶርም፣ ጂን ግሬይም የቅዝቃዜ ሽጉጥ ይዘው አይዞሩም።

ስለዚህ ሱፐርማን ያሸንፋል፣ ሃልክ ያሸንፋል የምትሉ ሁሉ፣ ስንት ቶን እንደሚያነሱ አትንገሩኝ። አውቀዋለሁ። ዋሊ መሮጥ ከጀመረ በኋላ የመጀመሪያዋን ቡጢ መቼ እንደሚሰነዝሩ ብቻ ንገሩኝ።