ለምጽን «የመልክ ነገር ነው» ብሎ መሸኘት ይብቃ

ቆዳው ላይ ነጭ ምልክት አይቶ የደነገጠ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ይህንን ነው። «አይዞህ፣ አይገድልም፣ አይተላለፍም፤ የመልክ ነገር ነው።» ከዚያ አንድ ቅባት ይታዘዝለትና ይሸኛል። አለመግደሉ እውነት ነው። አለመተላለፉም እውነት ነው፤ ተጨባበጡ፣ አብራችሁ ብሉ፣ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፣ ምንም አይመጣም። «የመልክ ነገር ነው» የምትለዋ ግን ትቆረቁረኛለች። ታካሚው ይዟት የሚወጣው «ብቆይም ችግር የለውም» በሚል ትርጉም ነው። ችግር ግን አለው።

ለምጽ (ቪቲሊጎ) የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በገዛ ባለቤቱ ላይ ሲዞር ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጡት ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ቫይረስ የገባበትን ሴል እያደኑ መግደል ሥራቸው የሆኑ ነጭ የደም ሴሎች አሉ። በለምጽ ጊዜ እነዚህ ሴሎች ሜላኖሳይቶቹን እንደ ጠላት ይቆጥሯቸውና ይፈጇቸዋል። በዚያ መሃል ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ኬሚካል ይለቃሉ፤ እሱ ደግሞ ሌሎች ገዳዮችን ይጠራል። ከዓለም ሕዝብ ከ0.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ይህ ይደርስበታል። ግማሽ ያህሉ ሕመሙ የሚጀምራቸው 20 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

መከላከያው አንዴ ከተሳሳተ ስህተቱ ቆዳ ላይ ብቻ ላይቆም ይችላል። ለምጽ ያለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ ሕመም ከሌላው ሰው በላይ ይታያል። ቀላል የደም ምርመራ ይለየዋል። ነገሩን የመልክ ጉዳይ አድርጎ ያየ ሐኪም ግን ይህን ምርመራ ለማዘዝ ትዝ አይለውም።

በእርግጥ ነጭ ሁሉ ለምጽ አይደለም። ቋቁቻ ፈንገስ ነው፤ በፈንገስ መድኃኒት ይድናል። የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ በጥጥ ጫፍ ሲነካ ላይሰማ ይችላል፤ ለምጽ ላይ ግን የቆዳው ስሜት እንደነበረ ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ዉድስ ላምፕ የሚባለው መብራት ሲበራበት ለምጹ ቦግ ብሎ ነጭ ሰማያዊ ይሆናል። ገና በዓይን የማይታየውም ብቅ ይላል።

ለምን ጊዜው ያሳስበኛል? ሕክምና የያዘለት ሰው ቆዳ ላይ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ነጩ ቆዳ መሃል፣ ፀጉር በበቀለበት ቀዳዳ ዙሪያ፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ ትወጣለች። ከዚያ አጠገቧ ሌላ። ነጥቦቹ እየሰፉ ይገናኛሉ። ከፀጉሩ ሥር የተረፉት የሜላኖሳይት ዘር ሴሎች ወደ ላይ እየወጡ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በነጩ ቆዳ ላይ ያለው ፀጉር ጥቁር ከሆነ ተስፋ አለ። ፀጉሩም ከነጣ ጎተራው ባዶ እየሆነ ነው። የጣት ጫፍና ከንፈር ፀጉር ስለሌላቸው ያስቸግራሉ። አዲስ የወጣ ምልክት ከቆየው ይልቅ ለሕክምና ምላሽ ይሰጣል። «ቆይ እስቲ እንየው» እያሉ ዓመት ማሳለፍ ይህን ዕድል ማባከን ነው።

ሕክምናው ደግሞ አለ። የስቴሮይድ ቅባት ይሠራል፤ ያለ ክትትል ለወራት ከተቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል። ስለዚህ ለፊት ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ያልሆነው ታክሮሊመስ የተባለ ቅባት ይመረጣል። ሰፋ ላለው 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለው አልትራቫዮሌት ጨረር በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይሰጣል። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውጤቱን ለመፍረድ ስድስት ወር ያህል ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ወር ተስፋ ቆርጦ ቢተው አይፈረድበትም። ለምጹ በፍጥነት እየተስፋፋ ከሆነ የሚዋጥ ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል። ባለበት ከቆመ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ደግሞ ሴል የማዛወር ቀዶ ሕክምና አለ።

በሐምሌ 2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ሩክሶሊቲኒብ የተባለውን ቅባት 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፈቀደ። ያንን የኢንተርፌሮን ጋማ ጥሪ መሃል ላይ የሚቆርጥ ነው። በሙከራው ከ24 ሳምንት በኋላ ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ፊታቸው ላይ ከጠፋው ቀለም ቢያንስ ሦስት አራተኛውን መልሰዋል። ዓመት የቀጠሉት ዘንድ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ተጠጋ። ተአምር አይደለም፤ ምንም እንዳልሆነ የሚቆጠርም አይደለም።

እዚህ ላይ «በአንድ ወር እናጠፋልሃለን» ባዮቹ ብቅ ይላሉ። ቆዳ የሚያቃጥል ነገር ቀብተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጣሉ። ለምጽ ደግሞ የተቃጠለና የተፋቀ ቆዳ ላይ አዲስ የመውጣት ባሕርይ አለው። በዚያ ላይ ቀለሙ ከተመለሰም በኋላ ሕክምናው ሲቆም ብዙዎች ላይ ያገረሻል፤ ጥቃቱን የሚያስታውሱ ሴሎች ቆዳው ውስጥ ይቀራሉና። እስከ ወዲያኛው አድናለሁ የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል።

ቆዳዬን እንዳለ እወደዋለሁ የሚሉም አሉ። ደስ ይላል። ማይክል ጃክሰን በ1993 እ.ኤ.አ. ለቴሌቪዥን አዘጋጇ ኦፕራ ዊንፍሪ ይህ ሕመም እንዳለበት ሲናገር ስንቱ እንዳላመነው አስቡ፤ ከሞተ በኋላ የአስከሬን ምርመራው አረጋገጠለት። ዛሬ ሞዴሏ ዊኒ ሃርሎው በዚሁ ቆዳ በዓለም መድረኮች ላይ ትራመዳለች። አልታከምም ማለት መብት ነው፤ አማራጩን አውቆ ሲሆን። ሕክምና እንዳለ ሳይነገረው የተቀመጠ ሰው ግን መረጠ አይባልም።

ለነገሩ መልክስ ቢሆን ምን ማለት ነው? ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ነጩ ከሩቅ ይታያል። በሙቀት እጅጌው ረጅም ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሂሳብ ሲከፍል ጣቶቹን የሚያጥፍ፣ ፎቶ ሲባል ከኋላ የሚቆም ሰው አለ።

ዳፋው ኪስም ጋር ይደርሳል። አንዳንድ የጤና መድን ድርጅቶች የለምጽ ሕክምናን ከመዋቢያ ቆጥረው አንከፍልም ይላሉ። ቆዳን የሚያቀላውና የሚያስቀርፈው ሶሪያሲስም የሚታየው ቆዳ ላይ ነው። እሱንም የሚያመጣው የመከላከያው መዛባት ነው። የሶሪያሲስ ታካሚ ግን «ይሄ እኮ የመልክ ነገር ነው» ሲባል እምብዛም አይሰማም።